ወለዱ ትንሽ፣ ቆረጣው ብዙ፤ ታዲያ ለምን አልለቅም?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መሀል ሦስቱ ስለ ባንክ ናቸው። አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ ሰበሰብኳቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ደመወዜ የሚገባበት ባንክ ደንበኛ ከሆንኩ 11 ዓመት ሞላኝ። ያለኝ ቁጠባ 60 ሺህ ብር ቢሆን ነው። ገንዘብ ሳስተላልፍ ይቆረጣል፣ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ሳወጣ ይቆረጣል፣ «ተቆርጧል» ብሎ ለሚልክልኝ መልእክትም ይቆረጣል። ባለፈው ወር ስቴትመንት ለማውጣት ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ እሱንም ከፍዬ ወጣሁ። ባለቤቴ «ሌላ ባንክ የተሻለ ወለድ አለ፣ ለምን አትሄጂም?» እያለ ሁለት ዓመት ወተወተኝ። እሺ እላለሁ፣ ግን አልሄድም። ሰነፍ ስለሆንኩ ነው? ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ሰነፍ አይደሉም። ይህን የምለው ላጽናናዎት ብዬ አይደለም፤ ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ።

ባለቤትዎ ያሉት ባንክ ከእርስዎ ባንክ በ1 በመቶ የሚበልጥ ወለድ ይከፍላል እንበል። ለ60 ሺህ ብር 1 በመቶ ማለት በዓመት 600 ብር ነው። በወር 50 ብር። ያውም ግብሩ ሳይነሳለት። ለዚህች 50 ብር አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው፣ ተሰልፈው፣ ፎርም ሞልተው፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ደመወዝዎን በአዲሱ ሂሳብ እንዲያስገባ ደብዳቤ ጽፈው፣ የፋይናንስ ክፍሉን ሰው ሦስት ጊዜ አስታውሰው፣ አዲሱን ቁጥር ለዕቁብ ሰብሳቢዋም ለቤት አከራዩም ክፍለ ሀገር ላለው ወንድምዎም ልከው… ይህን ሁሉ ቁጭ ብለው ባያሰሉትም ልብዎ አስልቶታል። እግርዎን የያዘው እሱ ነው። በበኩሌ ስሌቱ ትክክል ነው እላለሁ።

ልዩነቱ ለምን እንዲህ ትንሽ ሆነ? ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ፣ በዚያው ሰሞን ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። ዝቅተኛው ነው የተባለው። ከዚያ በላይ መክፈል የከለከለ የለም። ግን ለተራው ቆጣቢ ባንኮቹ ከዚያች ወለል ብዙም አልራቁም። ከፍ ያለ ወለድ የሚገኘው በድርድር ነው፤ በሚሊዮኖች ለሚያስቀምጥ ድርጅት ወይ ባለሀብት፣ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በማይነካ ገንዘብ። ትንሹ ቆጣቢ ግን የተለጠፈውን አንብቦ ነው የሚሄደው። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል፤ ባንኩ ከሚያበድረው ገንዘብ ውስጥ የእነዚያ ትንንሽ ቆጣቢዎች ድምር ቀላል አይደለም።

ቆረጣውም ላይ እንዲሁ ነው። ከሚቆረጥብዎት ውስጥ የተወሰነው የባንኩ እንኳን አይደለም፤ በአገልግሎት ክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። እሱን የትም ቢሄዱ ያገኙታል።

አሁን ግን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው በአንዱ ባንክና በሌላው መሀል ባለው ልዩነት አይደለም። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እኛ በ30 እንያዘው። ዓመቱ ሲጀምር 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በ7 በመቶ ወለድ ዓመቱ ሲያልቅ 107 ሺህ አለው። ደብተሩ ላይ አድጓል። ያ 107 ሺህ የሚገዛው ዕቃ ግን ዓመት ቀደም ብሎ በ82 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ነው። 18 ሺህ ብር ሄደ፣ የወሰደው ሰው ሳይታይ። 8 በመቶ የሚከፍል ባንክ ቢሄድ ኖሮስ? 83 ሺህ። ለእንዲህ ያለች ልዩነት ነው ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ የተጨቃጨቃችሁት። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ የትኛውም ባንክ ቢሆን ብር ያስቀመጠ ሁሉ እኩል ነው የተመታው።

ሰው ባንኩን የማይለቀው ታዲያ ለወለድ ብሎ አይደለም። ብዙ ገመድ አለ። እርስዎ ይህን ባንክ መርጠው ነው የገቡት? አይመስለኝም። መሥሪያ ቤቱ ነው የመረጠልዎት። ሌላው የሂሳብ ታሪኩ ነው፤ ነገ ልጅዎ ቪዛ ቢጠይቅ ኤምባሲው የወራት እንቅስቃሴ የሚያሳይ ስቴትመንት ይፈልጋል፣ ትናንት የተከፈተ ሂሳብ ደግሞ የሚያሳየው የለውም። በ2005 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበውን ሰው ያስቡ፣ 20/80ም ሆነ 40/60። ቁጠባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ነው፤ በየወሩ ሲያስገባ ወለዱ ስንት ነው ብሎ አይደለም፣ ስሙ ከወረፋው እንዳይወጣበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ አጎቱ አክሲዮን የገዛበት፣ የአገሩ ልጆች ያቋቋሙት ባንክ ስለሆነ ገብቶ እዚያው ቀረ። ሌላ ባንክ መሄድ ለእሱ ዘመድ እንደመክዳት ነው የሚሰማው።

ሰው ማወቅስ? «ሲስተም የለም» በተባለበት ቀን፣ ቤት ውስጥ ታማሚ ተኝቶ፣ «ትንሽ ይጠብቁ፣ እንደመጣ እኔ እጠራዎታለሁ» የምትል ገንዘብ ከፋይ ያለችበትን ቅርንጫፍ ለ50 ብር ብሎ የሚለቅ አለ? እኔ አልለቅም።

ያደግኩበት ሰፈር ዕድር አንድ ጊዜ በባንኩ ተማርሮ እንቀይር ብሎ ተነስቶ ነበር። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ። ለመቀየር ጉባኤ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ደብዳቤ ማጻፍ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን አብረው መቅረብ አለባቸው። ሊቀመንበሩን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጸሐፊው ልጃቸው ጋ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። ሦስት ወር ተወራ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ገንዘቡም ከዚያው ከተማረሩበት ቅርንጫፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሳው ሰው የለም።

ይሄ የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎት። እንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ባንክ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ደመወዙም ቋሚ ክፍያዎቹም ወደ አዲሱ ባንክ ይዛወሩለታል። እንዲህ ቀሎላቸውም በዚያው አቆጣጠር በ2016 የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪያቸው ሲያጣራ በዓመት ባንክ የሚቀይረው ከ100 ሰው 3ቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እና ምን ያድርጉ? መልቀቁን ይርሱት። ደመወዝዎ እዚያው ይግባ። ግን እንደገባ አብሮ አይተኛ። ከወሩ ወጪ የተረፈውን ለዓመት የሚሆን ጤፍም ሆነ ለልጆቹ መስከረም የሚያስፈልገውን ደህና ዋጋ ሲገኝ ይግዙበት፤ ከማውቃቸው ሴቶች ገንዘባቸውን ከንረት ያዳኑት እንዲህ ሲያደርጉ ነው ያየሁት። ዕቁብዎ ሰዎቹ የሚታመኑ ከሆኑ ይግፉበት፤ ዕጣው ቀደም ብሎ ከደረሰዎት ያለ ወለድ ብድር አገኙ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ከደረሰዎት ግን የንረቱ ጉዳት እዚያም አለ። ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጡት ደግሞ ቢያንስ ለስድስት ወር የማይነኩት ከሆነ ሦስት ባንክ ገብተው «የጊዜ ገደብ ተቀማጭ በስንት ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የተለጠፈውን አይተው ብቻ አይመለሱ፤ በቃል ይጠይቁ። 60 ሺህ ትንሽ ነው ሊሏችሁ ይችላሉ። ከባለቤትዎ ጋር አንድ ላይ አድርጋችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ ሂሳብ መክፈት የመጀመሪያውን መዝጋት አይደለም፤ የፋይዳ መታወቂያ ካለዎት ሥራው ያን ያህል አያስቸግርም። የተቀማጭ ዋስትና ፈንድ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ ነው የሚሸፍነው፤ ቁጠባዎ ከዚያ ካለፈ በሁለት ባንክ መከፈሉ በራሱ ጥቅም አለው።

ቆረጣውን በተመለከተ፣ የሦስት ወሩን መልእክት ከስልክዎ ላይ ቁጭ ብለው ይደምሩ። ይህን ያደረጉ ብዙ ሰዎች የሚያገኙት ነገር አንድ ነው፦ አብዛኛው ገንዘብ የሄደው በሌላ ባንክ ኤቲኤም በትንሽ በትንሹ ሲያወጡ ነው። አምስት ጊዜ 500 ብር ከማውጣት አንድ ጊዜ ከራስዎ ባንክ ኤቲኤም 2,500 ያውጡ። ያልገባዎት ቆረጣ ካለ ደግሞ ቅርንጫፉን በጽሑፍ ይጠይቁ። ክፍያን አስቀድሞ ማሳወቅ የባንኩ ግዴታ ነው፤ መልስ ካላገኙ ቅሬታው ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል። መጀመሪያ ባንኩን መጠየቅዎን የሚያሳይ ወረቀት ግን ይኑርዎት።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሱቁን ገንዘብ በሙሉ አንድ ባንክ ነው የማስገባው፣ በተንቀሳቃሽ ሂሳብ። አንድ ሳንቲም ወለድ የለውም። ለቼክም፣ ባንኩ ራሱ ዋስ ሆኖ ለሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ ለሲፒኦም ይቆርጡኛል። የታገሥኩት ለብድር ብዬ ነው። ማናጀሩ «አንተ እኮ የቤታችን ሰው ነህ፣ ጊዜው ሲደርስ እናይልሃለን» ይለኛል። እስካሁን ማናጀር ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ልታገሥ ወይስ ልልቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተስፋህ ከመሬት የተነሳ አይደለም፣ መጀመሪያ እሱን ላስቀምጥልህ። የዋጋ ንረቱ ከብድር ወለዱ በላይ በሆነበት ዘመን ትርፉ ያለው ተበዳሪው ጋ ነው፤ ቆጣቢው ያጣውን ተበዳሪው ያገኘዋል። ስለዚህ ወለድ የሌለው ሂሳብ ላይ ገንዘብህን እያስቀመጥክ የብድር ወረፋ መያዝህ ያስኬዳል። አገር ሙሉ ነጋዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልንገርህ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 እያንዳንዱ ባንክ የሚሰጠው ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 ከፍ አደረገው። ያ ማለት ማናጀሩ ልቡ ቢፈቅድ እንኳን ባንኩ በዓመት የሚያበድረው ልክ ነበረው፣ ያች ልክ ደግሞ ከላይ ነበር የምትከፋፈለው፤ ቅርንጫፍ ሳትደርስ ያለቀችበት ጊዜ አለ። «ጊዜው ሲደርስ» ሲልህ ምናልባት እውነቱን ነበር፣ ምክንያቱን ግን አልነገረህም። ሊነግርህ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ማናጀሮቹ መቀየራቸው ነው። አንተ ስምንት ዓመት የገነባኸው ከሰው ጋር ነው፤ ሰውየው ሲዛወር ይዞት ይሄዳል። አዲሱ ማናጀር የሚያየው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ነው፦ የሂሳብ እንቅስቃሴህን፣ ለግብር ያሳወቅከውን ገቢና በዋናነት መያዣህን። በስምህ ካርታ ያለው ቤት ከሌለህ «የቤታችን ሰው» መባሉ ብቻውን ብድር ኮሚቴ ፊት አያቆምህም። ይህን ስጽፍልህ ከብዶኛል፣ ግን ሌላ ስምንት ዓመት ከምትጠብቅ ዛሬ ብትሰማው ይሻላል።

እንዲህ አድርግ። ማመልከቻህን በጽሑፍ አስገባ፤ መቀበላቸውን አስፈርም። «ምን ጎደለኝ?» ብለህ ጠይቅ፣ መያዣ ነው፣ የሂሳብ መግለጫ ነው፣ ወይስ ገደቡ ነው? መልሱ ግልጽ ካልሆነ የአንድ ዓመት ስቴትመንትህን ይዘህ ሌላ ሁለት ባንክ ግባ። በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባ ነጋዴ ለባንክ ትልቅ ነገር ነው፣ ያውም ወለድ የማይጠይቅ። አሁን ደግሞ ታኅሣሥ 2017 ላይ የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል፤ የአገር ውስጦቹ ተቀማጭ እንዳይሸሻቸው ይፈልጋሉ። ያንተ ገንዘብ ስምንት ዓመት በነፃ ሲሠራላቸው እንደቆየ እያወቅክ ተደራደር። ቢያንስ የሲፒኦውንና የቼኩን ክፍያ እንዲቀንሱልህ ጠይቅ፤ ጠይቀው የተቀነሰላቸው ነጋዴዎች አውቃለሁ።

እንቅስቃሴህን ግን በአራት ባንክ አትበትነው። ተበትኖ ሲታይ የትም ትንሽ ነጋዴ ትመስላለህ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የጡረታ ገንዘቧንና እኛ የምንሰጣትን ሁሉ አንድ ባንክ ነው የምታስቀምጠው። ቴሌብር ላይ አስተማርኳት፣ ሌላ ባንክ አፕ ጫንኩላት፣ እሺ ብላ ትሰማኝና ጠዋት ደብተሯን ይዛ ተሰልፋ አገኛታለሁ። እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ የባንክ ሰው የሆነችው መቼ እንደነበር አስቢው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ባንኮችን ወረሰ። ከእነሱ ተዋሕዶ የተቋቋመው፣ ስሙ «አዲስ ባንክ» የተባለውም በ1972 ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ነው፣ አዋሽ የመጣው በ1987። እናትሽ ወጣትነቷን ያሳለፈችው ባንክ ይመረጣል የሚባል ነገር ባልነበረበት አገር ነው። ደመወዝ ስትቀበል፣ እናንተን ስታስተምር፣ ምናልባት አባታችሁ ሲታመም ገንዘብ ያወጣችው ከዚያው መስኮት ነው። ደብተሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥርና ማኅተም ታያለች፤ ስልኩ ላይ የምታየው ግን ድንገት ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው የሚመስላት።

እሷን ማሳመን አያስፈልግሽም። ደብተሩን አትንኪባት። ወር መጀመሪያ የጡረታው ሰልፍ ስለሚበዛ በወሩ አጋማሽ፣ ጠዋት አብረሻት ሂጂ። ምን ያህል ገንዘብ እንዳላት ስታውቂ፣ ለሕክምናና ለወር ወጪዋ የሚሆነው እዚያው ይቆይና የቀረውን በጊዜ ገደብ እንድታስቀምጥ በዚያው ባንክ ጠይቂላት፤ ባንኩ ካልተቀየረ እሺ ልትል ትችላለች። ለማንም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚላትም ቢሆን፣ የሚስጥር ቁጥር እንዳትሰጥ ግን ደጋግመሽ ንገሪያት። እነዚያ አጭበርባሪዎች አስቀድመው የሚደውሉት ለእናቶቻችን ነው። ስልኳ ላይ የጫንሽውን አፕ ካልተጠቀመችበት አጥፊላት።